በሄፓሪን የተሸፈነው ግራፍት ለምን ተዘጋ? የአንዲት የጎንደር የኩላሊት እጥበት ታማሚ ጉዳይ

ነገሩ የጀመረው በቅሬታ ነው። የታማሚዋ የበኩር ልጅ ከሚኖርበት አገር ደውሎ "ዶክተር፣ ተታለን ይሆን?" አለኝ። ለእናቱ ክንድ የተገዛው ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ (ግራፍት) ውስጡ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው ሄፓሪን በተባለ መድኃኒት የተሸፈነ፣ ከተራው የሚወደድ ዓይነት ነበር። "ደም አይረጋበትም" ተብሎ ከፍሎበታል። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ በረጋ ደም ተዘጋ። ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ይሆን? ጊዜው አልፎበት ይሆን? ወይስ የማይጠቅማቸውን ነገር ነው የሸጡላቸው?

ቤተሰቡ የሳጥኑን መለያ ቁጥርና የማብቂያ ቀን በስልክ ፎቶ አንስተውት ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርጣሬዎች ማጥራት አላስቸገረም። ዕቃው ትክክለኛ ነበር፤ ጊዜውም አላለፈም። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ግን በስልክ የሚያልቅ አልሆነም። ይህን የጻፍኩት በታማሚዋና በልጃቸው ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ።

ታማሚዋ

ወይዘሮዋ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍሉ ሴት ናቸው። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ኩላሊታቸውን አድክሞ ጨረሰው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም፣ ለእሳቸው ከዘመድ የሚስማማ ለጋሽ አልተገኘም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ይታጠባሉ።

የእጥበት ማሽን በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ይስባል። ተራ የክንድ ደም መልስ ይህን ያህል አይሰጥም። ተመራጩ መላ ፊስቱላ ነው፤ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ሰፍቶ፣ ደም መልሱ በግፊቱ እየሰፋና ግድግዳው እየወፈረ እስኪሄድ መጠበቅ። የወይዘሮዋ የመጀመሪያ ፊስቱላ በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ተሠርቶ ሳይጎለብት ቀረ። ክርናቸው ላይ የተሠራው ሁለተኛው ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ጠበበ። በመሀሉ አንገታቸው ላይ ወደ ደም ሥር የገባው ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ኢንፌክሽን እያመጣ አልጋ ላይ ጣላቸው። ቀኝ ክንዳቸውን ግን ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም፤ "የምጋግርበት እጅ ነው" አሉ። የቀረው አማራጭ ግራ ክንድ ላይ ግራፍት ማስገባት ነበር። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከክርን በላይ ካለው ደም ቅዳ ተነሥቶ ብብት ሥር ካለው ደም መልስ ጋር ተሰፋ። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው አዲስ አበባ ነው።

ሊጥ የማይይዘውን ደም እንዴት ያዘው?

ቱቦው ከምን እንደተሠራ ስነግራቸው ወይዘሮዋ ሳቁ። "ቴፍሎን? እንደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ?" አዎ፣ ያው ነው። ስሙ ፖሊቴትራፍሎሮኢቲሊን የሆነ ያው ፖሊመር ነው። እሳቸውም ወዲያው "ሊጥ የማይይዘው ነገር ደሙን ስለምን ይይዘዋል?" ብለው ጠየቁኝ። ከብዙ ተማሪዎች አፍ ሰምቼው የማላውቀው ጥያቄ ነው።

ቴፍሎን ውሃን ይገፋል። በላዩ የተንጠባጠበ ውሃ ሳይነጣጠፍ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደም ግን ውሃ ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚንሳፈፉት ፕሮቲኖች ከውሃ የሚሸሸውን ክፍላቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ይሄዳሉ። ውሃ የሚገፋ ገጽ ሲያገኙ ያ የታጠፈው ክፍል ይዘረጋና ይለጠፋል። ይህ የሚሆነው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ቀድሞ የሚደርሰው በብዛት ያለው አልቡሚን ነው፤ እሱ ብዙ ጉዳት የለውም። ቀስ በቀስ ግን ሌሎች፣ በተለይ የመርጋት ጥሬ ዕቃ የሆነው ፋይብሪኖጅን፣ እየገፉት ቦታውን ይወስዳሉ። ይህን ተራ በተራ የመተካካት ሂደት ያሳየው ሊዮ ቭሮማን ነው፤ ሂደቱም በስሙ ይጠራል። ሰውየው በተወለደበት በኔዘርላንድስ ከሳይንቲስትነቱ ይልቅ በገጣሚነቱ ይታወቃል።

ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ሴሎች፣ ቴፍሎኑን አያገኙትም። የሚያገኙት በላዩ የተነጠፈውን ፋይብሪኖጅን ነው፤ እሱን የሚጨብጥ ተቀባይ ደግሞ በገጻቸው ላይ አላቸው። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀው የመርጋት ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ስለ ቱቦ ገጽ ሕክምና ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ነው፤ በገጹ ላይ የትኛው ፕሮቲን፣ በምን አኳኋን ይቀመጣል?

እንዲህ ከሆነ ቴፍሎን ለምን ተመረጠ? ከሌላው ስለሚሻል ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1952 አርተር ቮርሂስና ባልደረቦቹ ቪንየን ከተባለ ጨርቅ የተሠራ ቱቦ በውሾች ደም ቅዳ ላይ መሞከራቸውን አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ማይክል ደበኪ ዳክሮን የተባለውን ጨርቅ ገዝቶ በቤቱ የልብስ ስፌት መኪና ቧንቧ ሰፋ። ሮበርት ጎር በ1969 ቴፍሎንን በሙቀት በፍጥነት ሲለጥጠው በቃጫና በቋጠሮ የተሞላ፣ አየር የሚያሳልፍ ግን ጠንካራ ነገር ሆነለት። በዛሬዎቹ ግራፍቶች በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ማይክሮ ሜትር ነው። ሆድ ውስጥ እንዳሉት ባሉ ሰፋፊ የደም ሥሮች ውስጥ ደሙ በኃይል ስለሚያልፍ ዳክሮንም ሆነ ቴፍሎን ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ዲያሜትሩ ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ግን የገጹ ጉድለት ሁሉ ይጋለጣል።

ሄፓሪን እንዴት ይታሰራል

ገጹን ለማሻሻል የተሞከረው ብዙ ነው። አንደኛው በኦክስጅን ወይም በአሞኒያ ጋዝ ፕላዝማ (የደሙ ፕላዝማ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል የተሞላ ጋዝ) ገጹን መምታት ነው፤ ውሃ ወዳድ ይሆናል፣ ሆኖም የፖሊመሩ ሰንሰለቶች ውለው አድረው ሲገላበጡ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ውሃ አቅፈው የሚይዙ ሰንሰለቶችን፣ ለምሳሌ ፖሊኢቲሊን ግላይኮልን፣ መትከልም አለ፤ ፕሮቲን እንዳይጠጋ የውሃ መጋረጃ ይሆናሉ፣ በሰውነት ውስጥ ግን ኦክሲጅን ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። የካርቦን ሽፋን ለገበያ ውሏል። የታማሚውን የራሱን የደም ሥር ሽፋን ሴሎች አራብቶ ቱቦው ውስጥ መዝራትም በቪየና፣ በኋላም በኬፕ ታውን ተሠርቶበታል፤ ውጤቱ ያጓጓል፣ ግን የሴል ማራቢያ ላቦራቶሪና የሳምንታት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በወይዘሮዋ ክንድ ውስጥ የገባው የሄፓሪኑ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። በ1963 ቪንሰንት ጎትና ባልደረቦቹ ፕላስቲክ ላይ ግራፋይት፣ በግራፋይቱ ላይ ቤንዛልኮኒየም፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሄፓሪን ቀብተው ደም ሳይረጋበት እንደሚቆይ አሳዩ። ሄፓሪኑ የተያዘው በኤሌክትሪክ ሙሌት ብቻ ስለነበር ደሙ እያጠበ ይወስደዋል። በ1983 ከስዊድን የመጣው መላ ይህን ለወጠው። የሄፓሪኑ ሰንሰለት በናይትረስ አሲድ ይቆረጥና ጫፉ ላይ አልዲሃይድ የተባለ ከሌላ ጋር በቀላሉ የሚተሳሰር ክፍል ይፈጠራል፤ ያ ጫፍ ብቻ ቀድሞ በገጹ ላይ ከተነጠፈው የአሚን (ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) ንብብር ጋር በጠንካራ ኬሚካዊ ቦንድ ይተሳሰራል። ቀሪው የሰንሰለቱ አካል ነፃ ሆኖ ደሙ ውስጥ ይወዛወዛል። ነፃ መሆኑ ወሳኝ ነው። አንቲትሮምቢን የተባለው የደም ፕሮቲን የሚጨብጠው በሄፓሪን ላይ ያለች አንዲት ባለ አምስት ስኳር ቅንጣት ናት። እሷን ሲይዝ የመርጋት ኢንዛይሞችን የሚያከሽፍበት ፍጥነት እስከ ሺህ እጥፍ ያድጋል፤ ሥራውን ጨርሶ ሲለቅ ሄፓሪኑ እዚያው ቀርቶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሄፓሪኑ በየአቅጣጫው ተጣብቆ ቢያዝ ያቺ ቅንጣት ትደፈን ነበር።

ይህን ሳስረዳቸው ወይዘሮዋ "እንግዲያስ የምጣድ ማሰሻ ነዋ!" አሉ። ሸክላው ምጣድ በጎመን ዘር ካልታሸ እንጀራው አይነሣም። ልዩነቱን ራሳቸው ደረሱበት፤ ማሰሻ በየጋገራው ይታደሳል፣ ይህኛው ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ከተሠራ በኋላ የሚያድሰው የለም።

ሌላም ነገር ጠየቁ። ሄፓሪን የሚወጣው በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው፤ በየእጥበቱ በማሽኑ የሚሰጣቸውም እንደዚያው። ጎንደር ውስጥ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ተገቢ አይመስለኝም። እሳቸው የንስሐ አባታቸውን አማክረው "መድኃኒት ነው" የሚል መልስ ይዘው መጡ። ቀድሞ ሄፓሪን ፕሌትሌታቸውን አውርዶባቸው እንደሆነም ማጣራት ነበረብን፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ይህን ግራፍት አያስገባም። አልነበረባቸውም።

የአምስቱ ወራት መዝገብ

ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት በኋላ መርፌ መውጋት ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግራፍቱ እጅግ ጥሩ ነበር። ንዝረቱ በመዳፍ ይሰማል፤ ማሽኑም አልጮኸም።

የእጥበት ክፍሉን የየቀኑ ቅጾች በኋላ ሰብስቤ ሳያቸው ግን ታሪኩ ተጽፎ ቆይቷል። ደሙ ወደ ሰውነት ሲመለስ ማሽኑ የሚያነበው ግፊት፣ በዚያው የፓምፕ ፍጥነት፣ መጀመሪያ 120 አካባቢ የነበረው እየጨመረ በአምስተኛው ወር ከ200 አለፈ። ከመርፌው በኋላ ደሙ እስኪቆም ድረስ ሴት ልጃቸው ጥጡን ይዛ የምትጫንበት ጊዜም እየረዘመ ሄዷል። "የእማዬ ደም ቀጥኗል መሰለኝ" ብላ ለነርሷ ነግራ ነበር። በእጥበቱ የሚሰጠውን ሄፓሪን ቀነሱላቸው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፤ ደም ከመርፌው ቀዳዳ እምቢ ብሎ የሚፈስሰው ወደ ፊት መውጫ ሲያጣ ነው። ቁጥሮቹ በየቅጹ ተሞልተዋል፤ የዛሬውን ከወር በፊቱ ጋር አስተያይቶ ያየ ግን አልነበረም። ይህ በአንድ ክፍል ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም፤ ቅጹ የተሠራው ለዕለቱ እጥበት እንጂ የቧንቧውን ዕድሜ ለመከታተል አይደለም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ወይዘሮዋ ከቅዳሴ መልስ እንጂ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። በአንድ የእጥበት ቀን ብዙ ፈሳሽ ተወስዶላቸው ሲነሡ የደም ግፊታቸው 90 በ50 ነበር። ደክሟቸው ቤት ገቡ፣ በግራ ጎናቸው ተኙ። ሲነጋ መዳፋቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ጠሩ፦ "ነይ እስቲ፣ ክንዴ ዝም አለ።"

በአልትራሳውንድ ሲታይ ቱቦው ውስጥ ምንም ፍሰት የለም። ለእጥበት እንደገና አንገታቸው ላይ ካቴተር ገባ። የረጋ ደም ቶሎ ሲወጣ ይሻላል፤ ቀን ባለፈ ቁጥር ግድግዳውን እየያዘ ይሄዳል። ይህን የሚሠራ ቡድን ያገኘነው ግን አዲስ አበባ ነው፤ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። በአውሮፕላን ከአዘዞ ተነሥተው ሄዱ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገቡት በሦስተኛው ቀን ነበር።

ቱቦው ውስጥ የታየው

ቀዶ ሐኪሙ ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ካቴተር የረጋውን ደም ጎትቶ አወጣ። ፎጋርቲ የሚባለው መሣሪያ ነው፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ። ደሙ ጥቁር ቀይ፣ አዲስና ለስላሳ ሆኖ ያለ ትግል ወጣ። ብብት ሥር ወዳለው ስፌት ሲደርስ ግን ፊኛው አላልፍ አለ። እዚያ ያለው የረጋ ደም አልነበረም። ነጣ ያለ፣ ጠጣር ሥጋ ቀዳዳውን ሊዘጋው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በፊኛ ሊያሰፉት ሞክረው መልሶ ስለጠበበ ያን ጫፍ ቆርጠው በሌላ ቁራጭ ቱቦ ከፍ ብሎ ካለ ደም መልስ ጋር አገናኙት። የተቆረጠውን ክፍል ቀደው ፎቶውን ላኩልኝ።

ለወንድ ልጃቸው የሰጠሁት መልስ የወጣው ከዚያ ፎቶ ነው። ከስፌቱ ጀምሮ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የቱቦው ውስጥ በወፍራም ሥጋ ተሸፍኗል። ከዚያ ወዲህ ያለው ገጽ ነጭና ንጹሕ ነው። ሄፓሪኑ የተሰጠውን ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። የበቀለው ሥጋ ግን ከደም የመጣ አይደለም፤ ከራሳቸው ደም መልስ ግድግዳ የተነሡ የለስላሳ ጡንቻ ሴሎች ናቸው። ደም መልስ ለዝግታና ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። የደም ቅዳ ግፊት በማይለጠጥ ቱቦ በኩል በአንዴ ሲለቀቅበት፣ ደሙም ስፌቱ ጋ ሲሽከረከር፣ ግድግዳው በመወፈር ይመልሳል። ሄፓሪን የእነዚህን ሴሎች መራባት እንደሚገታ በ1970ዎቹ በአይጦች ላይ ታይቶ ነበር፤ የሽፋኑም ተስፋ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ቱቦው ላይ የታሰረ ሄፓሪን ግን ከስፌቱ ማዶ ያለውን የደም መልስ ግድግዳ አይነካም።

ደም የሚረጋባቸው፣ በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኾው ስም የሚጠሩት ሦስት ምክንያቶች ግድግዳው፣ ፍሰቱና ደሙ ራሱ ናቸው። ልጁ የከፈለው ለመጀመሪያው ነው። እናቱን የጎዳው ሁለተኛው ነው፤ መውጫው ጠበበ፣ ፍሰቱ ቀነሰ፣ ከዚያ በጾሙ ድርቀትና በእጥበቱ የወረደው ግፊት ያንኑም አስቆመው። የቆመ ደም በማንኛውም ገጽ ላይ ይረጋል።

በእጥበት ታማሚ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በየእጥበቱ ሁለት መርፌ፣ በሳምንት አራት ጊዜ ቱቦው ይበሳል። በአምስት ወር ወደ ዘጠና የሚጠጋ ቀዳዳ ነው፤ እያንዳንዱ መርፌ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። የተበሳው ቦታ ላይ ሽፋን የለም፤ ያለው የፋይብሪን፣ ማለትም የረጋ ደም ክር፣ ውታፍ ነው። ደሙ እንዲቆም የምንፈልገውም ያንኑ ውታፍ ነው። የመርጋት ጠላት የሆነ ገጽ ገዝተን በሳምንት አራት ጊዜ እንዲረጋ የምንለምነው ዕቃ ሌላ አላውቅም።

ቁጥሮቹም ከዚህ ጋር ይሄዳሉ። እግር ላይ ለሚገባ ግራፍት የተደረገና በ2011 የታተመ የስካንዲኔቪያ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሳይዘጋ የቆየው ከሄፓሪን ግራፍቶቹ 86.4 በመቶ፣ ከተራዎቹ 79.9 በመቶ ነው። እግር ላይ ቱቦውን በየሳምንቱ የሚበሳው የለም። ለእጥበት በሚገባ ግራፍት ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች ግን ይህን የመሰለ ግልጽ ጥቅም አላሳዩም። የእጥበት ግራፍት ራሱ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ በ2009 የታተመውን ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ማየት ይበቃል፤ ያለ ምንም ጣልቃ ገብነት ዓመት የደፈነው ከመቶ 23 ብቻ ነበር፣ ፕሌትሌቶችን የሚያዳክሙት አስፕሪንና ዳይፒሪዳሞል የተሰጣቸው ደግሞ 28። ለቤተሰቡ መጀመሪያውኑ መነገር የነበረበት ይህ ቁጥር ነው፤ "ደም አይረጋበትም" የሚለው ቃል የሽያጭ ቃል ነው።

እዚሁ ብንቀባውስ?

ጉዳዩን ለተማሪዎች ባቀረብኩበት ቀን አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ "ተራውን ግራፍት ገዝተን እዚሁ ሄፓሪን ውስጥ ብንነክረውስ?" አለ። ሐሳቡ ደፋር ነው፣ ወድጄዋለሁ፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። የተነከረ ሄፓሪን ምንም የሚይዘው ስለሌለ ደም እንዳገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ለማሰር የአሚን ንብብሩን መንጠፍ፣ የሄፓሪኑን ጫፍ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ሽፋኑ ሳይበላሽ ማምከን ያስፈልጋል። ቦንዱ ቢሳካ እንኳ ሄፓሪኑ መታሰሩ ብቻ አይበቃም፤ አንቲትሮምቢንን መያዙ መለካት አለበት። ለዚሁ ምክንያት የተረፈ የሄፓሪን ግራፍት ቁራጭን መልሶ አምክኖ ለሌላ ሰው መጠቀም ክልክል ነው። ዕቃ በሚወደድበት አገር ይህ ልማድ እንደሚፈትን አውቃለሁ። ተማሪው የፕላዝማውንና የውሃ ማዕዘኑን ልኬት ለመመረቂያ ሥራው ቢወስደው ግን ደስ ይለኛል፤ ገጹ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ሲመለስ በቀናት ውስጥ በዓይኑ ያየዋል።

አሁን ያለንበት

የወይዘሮዋ ግራፍት አሁን እየሠራ ነው። የተቀጠለው ቁራጭ ተራ ቴፍሎን ነው፤ በዕለቱ የተገኘው እሱ ስለሆነ። የእጥበት ክፍሉ በየወሩ የመጀመሪያ እጥበት ላይ የመመለሻውን ግፊት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን እየጻፈላቸው ነው። በአልትራሳውንድ የሚለካው ፍሰት በደቂቃ ከ600 ሚሊ ሊትር ከወረደ ሳይዘጋ በፊት ለማስፋት እንልካቸዋለን። በእጥበት ቀን ውሃና ምግብ እንዲወስዱ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው አዘዋቸዋል፤ እኔ ብናገር አይሰሙኝም ነበር።

ልጃቸው በድጋሚ ሲደውል የጠየቀው ቀጣዩ ቱቦ ቢያስፈልግ የትኛውን ልግዛ ብሎ ነው። ተራው ይበቃል፣ ልዩነቱን ለአዲስ አበባው የማስፋት ጉዞ አስቀምጠው አልኩት። ከዚያ በፊት ግን ሌላ መንገድ አለ። የቀኝ ክንዳቸውን ደም መልስ በአልትራሳውንድ ለክተነዋል፤ ክንዱ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚሄደው 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ ቆዳ ቀረብ አድርጎ ፊስቱላ ለመሥራት ይበቃል፤ ገጹም ሽፋን የማያስፈልገው የራሳቸው ገጽ ነው። ወይዘሮዋ እስካሁን እሺ አላሉም። የጠየቁኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስንት ሳምንት ሊጥ ማዞር እንደሚችሉ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቄ መልሱን ለሚቀጥለው እጥበታቸው እይዝላቸዋለሁ ብያለሁ።